በ256 ባይት ምን ይሠራል?

(ጥቁር ስክሪን። ድምፅ ብቻ ይሰማል።)

«ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ቤት ውስጥ ሻማ አብርተን፣ ቡና አፍልተን፣ ጎረቤቶቻችንን ጠርተን፣ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ስናወራና ስንሳሳቅ አመሸን።»

(ዓረፍተ ነገሩ በነጭ ፊደል ይወጣል። ከሥሩ ቁጥር ይቆጥራል፤ 256 ላይ ይቆማል።)

ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። አሁን ያነበብኩላችሁን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ቆጥሬ ነው የጻፍኩት። ኮምፒውተር ላይ ሲቀመጥ ልክ 256 ባይት ይይዛል። አይበልጥም፣ አያንስም። ዛሬ ስልካችንም ላፕቶፓችንም በሚጠቀሙበት ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አሠራር እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው። ነጠላ ሰረዙና አራት ነጥቡም እንደዚያው። በቃላቱ መካከል ያለው ክፍት ቦታ ግን 1 ባይት ብቻ ይወስዳል። 79 ፊደልና ነጥብ፣ 19 ክፍት ቦታ። ደምሩት።

እንግዲህ ይህን ልክ በአእምሯችሁ ያዙልኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር። አንድ የሻማ ማታ።

(ቪዲዮ፦ የኮሞዶር 64 ስክሪን። ሙዚቃው ቀስ ብሎ ይገባል።)

ይህ የምትሰሙት ፕሮግራም «ኤ ማይንድ ኢዝ ቦርን» ይባላል። የሠራው ሊኑስ ኦኬሶን የተባለ ስዊድናዊ ነው። የሚሠራበት ማሽን ኮሞዶር 64 ነው፤ በ1982 ገበያ ላይ የወጣ የቤት ኮምፒውተር። (በዚህ ቪዲዮ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሙዚቃው ከ2 ደቂቃ በላይ ይሄዳል። ምት አለው፣ ዜማ አለው፣ እያደገ የሚሄድ ነገር አለው። ስክሪኑም አብሮት ይንቀሳቀሳል። ፕሮግራሙ በሙሉ፣ ሙዚቃውም ሥዕሉም ተደምሮ፣ 256 ባይት ነው። የእኛን ዓረፍተ ነገር ያህል።

በ2017 ጀርመን ውስጥ ሪቪዥን በሚባለው ዝግጅት ላይ አቀረበው። የገባበት ውድድር እስከ 4096 ባይት ይፈቅድ ነበር። እሱ ከተፈቀደለት ውስጥ አንድ አስራ ስድስተኛውን ብቻ ተጠቅሞ አንደኛ ወጣ።

ዜማው የትም አልተጻፈም። ፕሮግራሙ አንድ ቁጥር ይይዛል፤ በአንድ ሕግ መሠረት ያንን ቁጥር እየገፋ፣ እየገለበጠ ሌላ ቁጥር ያደርገዋል። ከዚያ ቁጥር ኖታው ይወጣል። ሊኑስ ደግሞ ሥራውን አሸንፎ ዝም አላለም። እንዴት እንደሠራው ዘርዝሮ ጽፎ ለሁሉም ክፍት አደረገው። ስለዚህ ልማድ በኋላ እመለሳለሁ፤ ለእኔ የነገሩ ሁሉ ልብ እሱ ነው።

እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? ማኅበረሰቡ ዴሞሲን ይባላል። ሥራዎቹ ዴሞ ይባላሉ፤ ትናንሾቹ ደግሞ ኢንትሮ።

ምናልባት ሳታውቁት ሰምታችኋቸው ይሆናል። እዚህ አገር ኮምፒውተር የነካ ሰው ክራክ የተደረገ፣ ማለትም መቆለፊያው የተሰበረ ሶፍትዌር አይቶ ያውቃል። አንድ ወዳጄ ከፍላሽ ላይ ፕሮግራም ሲጭንልኝ አንዲት ትንሽ መስኮት ተከፈተች። ድንገት ሙዚቃ ጀመረች። ጭቅጭቅ ያለ፣ ፈጣን፣ የድሮ ጌም የሚመስል ሙዚቃ። እሱ መስኮቷ የሰጠችውን የመክፈቻ ቁጥር ኮፒ አድርጎ ሊዘጋት ሲል «ቆይ፣ አትዝጋት፣ ትጨርስ» አልኩት። ማን እንደሠራት፣ ለምን ሙዚቃ እንዳስገባባት ያኔ አላወቅኩም። ዝምድናው ግን እዚህ ድረስ ይመጣል።

ነገሩ የጀመረው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። አውሮፓ ውስጥ ወጣቶች የጌም ዲስኮችን መቆለፊያ እየሰበሩ ያባዙ ነበር። ይህ የሰው ድካም መውሰድ ነው፤ አላሞግሰውም። ግን መቆለፊያውን የሰበረው ልጅ ስሙ እንዲታወቅለት ይፈልጋል። ስለዚህ ጌሙ ከመከፈቱ በፊት የምትታይ አጭር ማስታወቂያ ያስገባል። የቡድኑ ስም በትልቁ፣ ከሥር የሚሮጥ ጽሑፍ፣ ከጀርባ ሙዚቃ። የሚሮጠው ጽሑፍ ድሮ በሬዲዮ የዘፈን ምርጫ ላይ እንደምንሰማው ነው፦ ሰላምታ ለእነ እገሌ፣ ሰላምታ ለእነ እገሌ። ቦታው ደግሞ ጠባብ ነው። ጌሙ ዲስኩን ሞልቶታል፤ ለእነሱ የሚተርፈው ፍርፋሪ ነው።

ቀስ በቀስ ጌሙ ተረሳ። ማስታወቂያዋ ራሷ ሥራ ሆነች። የሚሰርቁት ከሚሠሩት ተለዩ።

አሁን ወደ ማሽኑ ውስጥ እንግባ፤ ከዚህ ቪዲዮ አብልጬ የምወደው ቦታ ይኸውላችሁ።

(ሥዕል፦ የኮሞዶር 64 ስክሪን፤ መካከሉ ጥቁር ሰማያዊ፣ ዙሪያው ፈዛዛ ሰማያዊ።)

ኮሞዶር 64ን ስታበሩ ስክሪኑ ዙሪያውን ባለ ቀለም ክፈፍ አለው። ሥዕል የሚሳለው መካከሉ ላይ ነው። ክፈፉ ላይ ምንም ማሳየት አይቻልም ተብሎ ነበር የሚታሰበው። የክፈፉን ቀለም መቀየር ትችላላችሁ፤ በቃ።

ክፈፉን የሚዘጋው የሥዕል ቺፑ ነው። ቺፑን እንደ ዘበኛ አስቡት። ቴሌቪዥኑ ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ሲስል ዘበኛው መስመሮቹን ይቆጥራል። የተሰጡት ሁለት ትዕዛዞች ናቸው። ስክሪኑ 25 ረድፍ ጽሑፍ ካለው፣ «251ኛው መስመር ላይ ስትደርስ የታችኛውን በር ዝጋ»። 24 ረድፍ ካለው፣ «247ኛው ላይ ስትደርስ ዝጋ»። ሌላ ጊዜ በሩን አያየውም። መስመሩ ከቁጥሩ ጋር እኩል ሲሆን ብቻ ነው እጁን የሚዘረጋው።

አንድ ሰው ይህን አስተዋለ። ስክሪኑን 25 ረድፍ አድርጎ ጀመረ። 247ኛው መስመር አለፈ፤ ዘበኛው በ25 ትዕዛዝ ላይ ስለሆነ አልዘጋም። 249ኛው መስመር ላይ ፕሮግራሙ ትዕዛዙን ወደ 24 ቀየረው። አሁን ዘበኛው «247 ላይ እዘጋለሁ» ብሎ ይጠብቃል። 247 ግን አልፏል። 251 መጣ፤ እሱ አይመለከተውም። በሩ ሳይዘጋ ቀረ።

(ሥዕል፦ ክፈፉ ይከፈታል፤ ትንንሽ ምስሎች ወደ ታችኛው ጠርዝ ይገባሉ።)

ክፈፉ ተከፈተ! አይቻልም በተባለው ቦታ ላይ ምስል ይንቀሳቀስ ጀመር። ይህን ለማድረግ ፕሮግራሙ በሰከንድ 50 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ሥዕል ላይ፣ በትክክለኛው መስመር ላይ መገኘት አለበት። ትንሽ ከዘገየ በሩ ይዘጋል። ቀጥሎ ደግሞ ትዕዛዙን ወደ 25 መመለስ አለበት፤ ካልሆነ በሚቀጥለው ዙር 247 ላይ ይዘጋበታል።

እስቲ ይህን ያገኘው ሰው ምን ያህል ተቀምጦ እንዳየ አስቡ። መጽሐፍ አልነገረውም። አስተማሪ አልነገረውም። እሱ ግን «ማን ነው የሚዘጋው? መቼ ነው የሚዘጋው?» ብሎ ጠየቀ።

ሌላም አለ። የዚህ ማሽን የድምፅ ቺፕ በአንድ ጊዜ 3 ድምፅ ብቻ ነው ማውጣት የሚችለው። የድምፅ መጠኑን የምትቀይሩበት 16 ደረጃ ያለው ማስተካከያ አለው። ቺፑ ላይ ትንሽ ጉድለት ነበር፤ መጠኑን በቀየራችሁ ቁጥር ስፒከሩ «ጣ» ይላል። ሰው ሁሉ እንደ ብልሽት ያየዋል። እነዚህ ልጆች ግን መጠኑን በሰከንድ ሺህ ጊዜዎች ቀያየሩት። «ጣ»ዎቹ ተያይዘው የከበሮ ድምፅ ሆኑ፤ የሰው ንግግር ሆኑ። አራተኛ ድምፅ ከብልሽት ተወለደ። በኋላ ኮሞዶር ቺፑን አሻሽሎ ጉድለቱን ሲያርም፣ እነዚያ ከበሮዎች በአዲሶቹ ማሽኖች ላይ እምብዛም የማይሰሙ ሆኑ። ማሻሻያው ሙዚቃቸውን አፈነው።

እውቀቱ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄደው እንዴት ነበር? ኢንተርኔት የለም። ዲስክ በፖስታ ይላላኩ ነበር። በየቡድኑ ሥራው መላላክ ብቻ የሆነ ልጅ አለ፤ ስዋፐር ይሉታል። ቴምብሩን ሙጫ ይቀቡትና ማኅተሙ ታጥቦ እንዲለቅ ያደርጋሉ፤ ያው ቴምብር ተመልሶ ይሄዳል። ዲስኩ ሲደርስ የሌላውን ቡድን ሥራ ይከፍታሉ፣ ኮዱን ፈትተው ያያሉ፣ «ይህን እንዴት አደረገው?» ይላሉ። ከዚያ ከእሱ የተሻለ ለመሥራት ይቀመጣሉ። ትምህርት ቤታቸው ይሄ ነበር።

በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ደግሞ አዳራሽ ተከራይተው ይሰበሰባሉ። ፊንላንድ ውስጥ አሴምብሊ የሚባለው ከ1992 ጀምሮ አለ። በ1993 ፊውቸር ክሩ የሚባል የፊንላንድ ቡድን «ሰከንድ ሪያሊቲ» የተባለ የፒሲ ዴሞ እዚያ አሳየ። በዚያን ጊዜ ፒሲ የቢሮ ማሽን ነው የሚባለው። ከዚያ በኋላ ማንም እንደዚያ ብሎ መናገር አልቻለም። ከቡድኑ የተወሰኑት በኋላ ሬሜዲ የተባለውን የጌም ኩባንያ ከመሠረቱት መካከል ናቸው።

(ቪዲዮ፦ ጨለማ ኮሪደር፤ የብረት ግድግዳ፤ መሣሪያ የያዘ እጅ።)

አሁን በ2004 ወደ ጀርመን እንሂድ። ይህ የምታዩት ጌም «ክሪገር» ይባላል። ግድግዳው ላይ ዝገት አለ፣ ብርሃኑ ጥላ ይጥላል፣ ጭራቆች ይመጣሉ። የጌሙ መጠን 96 ኪሎባይት ነው። ስልካችሁ የሚያነሳው አንድ ፎቶ 3 ሜጋባይት ቢሆን፣ ጌሙ ሠላሳ ጊዜ ያህል ይገባበታል። እንደ ጌም ካያችሁት አጭር ነው፤ ብዙም አያጫውትም። እንደ ዕደ ጥበብ ግን እጅን በአፍ ያስጭናል።

የሠሩት ፋርብራውሽ ከሚባለው ቡድን የወጡ ልጆች ናቸው። ዘዴያቸው የሸማኔ ዘዴ ነው። ሸማኔ የጥለቱን ሥዕል ይዞ አይቀመጥም። የሚይዘው ቁጥር ነው፤ ስንት ክር ወደ ላይ፣ ስንት ክር ወደ ታች፣ የትኛው ቀለም መቼ። ጥለቱ ጨርቁ ላይ የሚወለደው ሲሸመን ነው። ክሪገርም የዝገቱን ፎቶ አልያዘም። «እህል እህል የሚል ነጠብጣብ ፍጠር፣ አደብዝዘው፣ ቡናማ ቀባው፣ ጭረት ጨምርበት» የሚል ትዕዛዝ ነው የያዘው። ስትከፍቱት ኮምፒውተራችሁ ቁጭ ብሎ ይሸምናል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ ትንሽ የሚያስጠብቀው።

እንዲያም ሆኖ ኮዱ ራሱ በዛባቸው። ስለዚህ አንድ መሣሪያ ሠሩ። ጌሙን ሲጫወቱ መሣሪያው የትኛው የኮዱ ክፍል እንደሠራ፣ የትኛው እንዳልተነካ ይመዘግባል። ያልተነካውን ቆርጦ ይጥላል። ግሩም ሐሳብ ነው። ነገር ግን ያን ዕለት የተጫወተው ሰው ሜኑው ላይ ወደ ታች ብቻ ነበር የወረደው። ወደ ላይ የሚያወጣውን ቁልፍ አልነካም። መሣሪያውም «ይህ አያስፈልግም» ብሎ ቆረጠው። ክሪገር ሲወጣ ሜኑው ላይ ወደ ታች መውረድ ይቻላል፤ ወደ ላይ መውጣት አይቻልም። ከቡድኑ አንዱ የሆነው ፋቢያን ጊሰን ይህን ሁሉ ከነስህተቱ ዘርዝሮ ጽፎታል። እኔ ስለ ኮድ ካነበብኳቸው ጽሑፎች ሁሉ ብዙ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ምክንያቱም የተሳካውንም ያልተሳካውንም እኩል ያሳያል።

(ቪዲዮ፦ በረዶ የለበሰ ተራራ፤ ካሜራው በሸለቆ ላይ ይበራል።)

«ኤሌቬትድ»፣ 2009። ይህ ሁሉ ተራራ፣ በረዶው፣ ሐይቁ፣ ሙዚቃው 4096 ባይት ነው። እኔ አሁን የማነብላችሁ ጽሑፍ ብቻውን ከዚያ ከአምስት እጥፍ በላይ ይሆናል። ተራራው የትም ተቀርጾ አልተቀመጠም፤ አንድ የሒሳብ ቀመር «እዚህ ነጥብ ላይ ከፍታው ስንት ነው?» ተብሎ ለእያንዳንዱ ነጥብ ይጠየቃል። ከሠሩት አንዱ ኢኒጎ ኪሌዝ በኋላ ፒክሳር የተባለው የአኒሜሽን ፊልም ድርጅት ገባ። በ2013 ደግሞ ከፖል ጄሬሚያስ ጋር ሼደርቶይ የተባለውን ድረ ገጽ ከፈተ። ሼደርቶይ ላይ ማንም ሰው እንዲህ ያለ ቀመር ጽፎ ያሳያል፤ ኮዱ ከጎኑ ተከፍቶ ይታያል። በብራውዘር ነው የሚሠራው። ገንዘብ አይጠይቅም።

በ2015 የሪቪዥን አዳራሽ ውስጥ የሆነውን ደግሞ ልንገራችሁ። የመጀመሪያው የአይቢኤም ፒሲ፣ የ1981ዱ፣ መድረክ ላይ ቀረበ። ፍጥነቱ 4.77 ሜጋኸርዝ። የቀለም ካርዱ ሥዕል ሲያሳይ በአንድ ጊዜ 4 ቀለም ነው የሚሰጠው ተብሎ ይታወቃል። «8088 ኤምፒኤች» የተባለው ዴሞ በዚያ ማሽን ላይ 1024 ቀለም አሳየ። ካርዱ ወደ ቴሌቪዥን የሚልከው ምልክት ቀለሞቹን እንዴት እንደሚያደባልቅ አጥንተው ነው። ማሽኑ ከተሠራ 34 ዓመቱ ነበር። በ34 ዓመት ውስጥ ስንት ሰው ተጠቅሞበታል? ያ ቀለም ግን ሁልጊዜም ውስጡ ነበር።

ይህን ሥራ ስታዩ አንድ ነገር ልብ በሉ። ማንም አልከፈላቸውም። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች ማሽኑን ያውቁታል፤ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል በጣታቸው ያውቁታል። የማይቻለው ስክሪኑ ላይ ሲወጣ አዳራሹ ይጮኻል። ያቺን ጩኸት ፈልገው ነው ወራት የሚቀመጡት።

ፊንላንድ በ2020 ዴሞሲንን በሕያው ቅርሶቿ ብሔራዊ መዝገብ ላይ አሰፈረችው። ጀርመን በ2021 ተከተለች። የእኛ ጥምቀት በ2019 የገባበት የዩኔስኮ ዓለም አቀፍ መዝገብ ከእነዚህ የየአገሩ መዝገቦች ይለያል፤ ሐሳቡ ግን አንድ ቤተሰብ ነው፦ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ፣ ማኅበረሰቡ የእኔ የሚለው ሙያ። ለእኔ ትክክል ነው። ሸማኔው ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ ነው የሚያስተምረው። እነዚህም እንደዚያው።

አሁን እጃችንን እናስገባ። ሳንሞክር ብንለያይ ቅር ይለኛል።

(ስክሪን፦ ባዶ ገጽ፤ አንድ ቆጣሪ ከ0 ጀምሮ ይሮጣል።)

በ2011 ቪሌ-ማቲያስ ሄይኪላ የተባለ ፊንላንዳዊ የዴሞሲን ሰው አንድ ነገር አሳየ፤ ባይትቢት ተባለ። በብራውዘር የሚሠሩ ባይትቢት ማጫወቻዎች ስላሉ ስልክም ይበቃችኋል። አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ቆጣሪ አለ። በሰከንድ 8000 ጊዜ አንድ እየጨመረ ይቆጥራል። የቆጠረውን ለስፒከሩ ይሰጣል። ስፒከሩ የሚቀበለው ከ0 እስከ 255 ብቻ ነው፤ 256 ሲደርስ ወደ 0 ይመለሳል። በቃ፣ ሌላ የለም።

ቆጣሪውን እንዳለ ብንሰጠው ምን ይሰማል? 8000 ለ256 ሲካፈል 31 ከሩብ ነው። ስፒከሩ በሰከንድ 31 ጊዜ ያህል ይወጣና ይወድቃል።

(ድምፅ፦ ወፍራም ጉርምርምታ።)

ሰማችሁ? ደረት ውስጥ የሚገባ ጉርምርምታ ነው። ቆጣሪውን በ2 አባዙት። ሁለት እጥፍ ፈጥኖ ይወጣል፣ ይወድቃል፤ ድምፁ አንድ ኦክታቭ ይቀጥናል። በ24 አባዙት። በሰከንድ 750 ጊዜ። አሁን ጥርት ያለ ኖታ ሆነ።

(ድምፅ፦ አንድ ቀጭን ኖታ።)

እዚህ ጋ ትንሽ ቆሜ አሰብኩ። ትዝታ ሜጀር አምስት ኖታ ነው፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። በኖታዎቹ መካከል ያለው ዝምድና በቁጥር ሊጻፍ ይችላል። ዶን 24 ካልነው ሬ 27 ይሆናል። ሚ 30። ሶል 36። ላ 40። አንድም ክፍልፋይ የለበትም። አምስት ሙሉ ቁጥሮች።

የቀረን ተራውን የሚነግረን ነገር ነው። ቆጣሪውን ለ4096 አካፍለን ትርፉን ብንጥል፣ በየግማሽ ሰከንዱ ገደማ አንድ የሚጨምር ሌላ ቀርፋፋ ቆጣሪ እናገኛለን። እሱን ለ5 ስናካፍለው የሚተርፈው 0፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ነው፤ ከዚያ ተመልሶ 0። የትኛው ኖታ ተራው እንደሆነ እሱ ይነግረናል።

(ስክሪን፦ ቀመሩ በአንድ መስመር ይታያል። ከሥሩ ቁጥር ይቆጥራል፤ 29 ላይ ይቆማል።)

ጻፍኩት። 29 ባይት። አስር የአማርኛ ፊደል እንኳ አይሞላም። ክራር አይደለም፤ ጣት የለውም፣ ለስላሳ አይደለም። ግን የትም ያልተቀዳ ድምፅ ነው። ቆጣሪው አሁን ከ0 ይጀምራል። አዳምጡት።

(ድምፅ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። እንደገና ከዶ ይጀምራል። ስክሪኑ ይጨልማል፤ ድምፁ ይቀጥላል።)